ቃል ያጎደለ ያስነብባል

ባለፈው ወር ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው ባቡር ውስጥ ቆሜያለሁ። አንድ እጄ የላዩን መያዣ ጨብጧል፣ ሌላው የሽንኩርት ፌስታል። ክረምት ነውና የሰው ሁሉ ልብስ እርጥብ ነው፤ መስኮቱ በትንፋሽ ታፍኗል። ከኋላዬ «እትዬ ዘነቡ! ኧረ የቀበናዋ እናቴ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ሳልል አወቅኩት፤ ፊት ያረጃል እንጂ ድምፅ አያረጅም። መስፍን ነበር። ጢሙን አሳምሮ፣ ግራጫ ኮት ለብሶ ቆሟል፤ አጠገቡ ያሉ ሁለት ወጣቶች «እሱ ነው፣ እሱ ነው» እየተባባሉ በዓይናቸው ይጠቋቆሙበታል። ዛሬ የታወቀ ሰው ነው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚናገረውን የሚሰማው ሕዝብ ቀበናን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይተርፋል። ጉንጬን እያገላበጠ ስሞኝ ሳይጨርስ ስልኩን አወጣና ክንዱን ዘረጋ። «ፈገግ ይበሉልኝማ!» አለ። እኔ ደግሞ ፈገግ በይ ስባል እምቢ ማለት አላውቅበትም። ፈገግ አልኩ። የዚያች ፈገግታ ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ለጊዜው ግን ከእርጥብ ኮቱ የተነሳው ሽታ ይዞኝ ነጎደ። ለሌላው ሰው የሱፍና የሽቶ ሽታ ነው። እኔን ግን መስፍንና እርጥብ ልብስ በተገናኙ ቁጥር የሚሸተኝ የጋዜጣ ቀለም ነው።

ቀበናን አሁን ያየ፣ ያኔ ምን እንደነበረች አያውቅም። ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ማቅናት ሲጀምር፣ የአንድ የድሮ ቪላ የድንጋይ ግንብ ነበር። አንድ ያጋደለ ባሕር ዛፍ ከላዩ ጥላ ይጥልበታል። እኔ ከዚያ ግንብ ስር ጋዜጣ አከራይ ነበር። ለዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው «ጋዜጣ ይከራያል እንዴ?» ይሉኛል። ይከራይ ነበራ! መግዛት የማይችል፣ ወይም ገዝቶ ቤት ቢገባ ሚስቱ እንደምትቆጣ የሚያውቅ፣ ስሙኒ ከፍሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይልና አንብቦ ይመልሳል። ሻይ በስሙኒ፣ ቦምቦሊኖ በስሙኒ፣ የአገር ፖለቲካ በስሙኒ። መጽሔት ከሆነ እጥፉ፣ ሽልንግ ነው፣ ምክንያቱም መጽሔት የወሰደ ሰው ቶሎ አይነሳም። ከፊት ለፊታችን ካሴት ቤት ነበር፤ አዲስ ካሴት የወጣ ዕለት አንዱን ዘፈን እየመላለሰ ሲያጫውት ውሎ፣ የፍቅሩ ግጥምና የምርጫ ቦርዱ መግለጫ በጭንቅላታችን ይደባለቅ ነበር። ጎረምሶቹ ሸራ ጫማቸውን በጠመኔ አንጥተው ይመጣሉ፤ ድንጋዩ ላይ ሲቀመጡ ጭቃ እንዳይነካቸው እግራቸውን እንደ ሙሽራ ይሰበስባሉ። ከእንጦጦ የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ግንቡን ተደግፈው እያረፉ «ዘነቡ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተባለ?» ይሉኛል። ለእነሱ በነጻ አነብላቸው ነበር።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ውይይት» ታክሲ ይነዳ ነበር። ለማታውቋት፣ ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የተዘረጋባት ሰማያዊ መኪና ነበረች፤ ተሳፋሪ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ ነው የሚሄደው። ስሙንም ያወጣላት ሕዝቡ ነው። እሷ ውስጥ ሰው ሲከራከር ሰምቻለሁ፤ ሲሰዳደብ ግን ብዙም አልሰማሁም። ትንፋሹ እየነካህ እንዴት ትሰድበዋለህ? ባለቤቴ ተሳፋሪ ጥሎት የወረደውን ጋዜጣ ይዞልኝ ይገባና «ለማንደጃ ይሁንሽ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሳላነብ አላነድም። ትምህርቴ የቀረው አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ያስተማረኝ ለማንደጃ የመጣ ወረቀት ነው። መጀመሪያ የሙት ዓመት ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ ጨረታ፣ ቀጥሎ ርእሰ አንቀጽ። ርእሰ አንቀጽ ሲገባኝ ማንደዱን ተውኩና ማከራየት ጀመርኩ።

ከደንበኞቼ ሁሉ ሁለቱን ነው የማወራላችሁ። አንዱ ጋሽ በየነ ነው። የቀበሌያችን ሹም፣ የገዢው ድርጅት ሰው፤ ካኪ ጃኬቱ ኪስ ላይ እስክሪብቶ ደርድሮ የሚሄድ፣ ሲስቅ ግን ሆዱ የሚንቀጠቀጥ ሰው። ሚስቱ እማዋይሽ የአጥር ጎረቤቴ ነች፤ ከአንድ ቧንቧ ቀድተን፣ በአንድ ዕድር ተመዝግበን፣ ልጆቻችንን እየተለዋወጥን ያሳደግን። ሁለተኛው መስፍን ነው፤ ያኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ፣ መንግሥትን በመቃወም አፉን የፈታ ጎረምሳ። እናቱ ጸሎተኛ ጴንጤ ናት፤ «ይህ ልጅ ለጌታ ቢከራከርለት የት በደረሰ» ትላለች። የሁለቱን ነገር እንዴት ልበላችሁ! ጋሽ በየነ የግሉን ጋዜጣ በመንግሥቱ ጋዜጣ ውስጥ ሸሽጎ ያነባል፤ አለቆቹ እንዳያዩት። መስፍን ደግሞ የመንግሥቱን በግሉ ውስጥ ሸሽጎ ያነባል፤ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ክርክሩ እየጋለ ሲመጣ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ድንጋዩም ጋዜጣውም የኔ ነውና ማን ይከለክለኛል። መልስ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የባላጋራውን ቃል መልሶ ይናገር። ባላጋራው «ሞልቷል» ካለ ይቀጥላል፤ «ጎድሏል» ካለ፣ ያጎደለው ሰው ለባላጋራው የጋዜጣ ኪራይ ከፍሎ ያስነብባል። ቃል ያጎደለ ያስነብባል! በዚህ ሕግ ስንቱ ደሃ በነጻ አንብቦ ሄደ። ሁለተኛውን ሕግ ያመጣው ግን መስፍን ነው። የዚያን ዘመን የቢሮ ሰው ግምገማን አይረሳውም፤ ሰውን መሀል አስቀምጦ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን እያሉ መዘርዘር። አንድ ቀን መስፍን ጋሽ በየነን ያዘው።

«ጋሽ በየነ፣ ሰው ስትገመግሙ መጀመሪያ ጠንካራ ጎኑን ትደረድራላችሁ አይደል?»

«አዎ። እኛ ሚዛናዊ ነን።»

«ከዚያ ደካማ ጎኑን።»

«ከዚያ ደካማ ጎኑን።»

«ሰውየው ቤቱ ሲገባ የቱን ይዞ ነው የሚገባው?»

ጋሽ በየነ ጢሙን አሻሸ። «የስንብት ደብዳቤውን ነዋ!» አለ ከጥግ የነበረ አንድ ጫማ ሰፊ፤ ግንቡ በሳቅ ተናጋ።

«ስለዚህ እኛ ግንብ ላይ ይገለበጣል» አለ መስፍን። «ደካማው ይቅደም፣ ጠንካራው ይከተል። ከሰው ጋር ቤት የሚገባው መጨረሻ የተባለው ነው።»

ጋሽ በየነ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ስቆ «ይህ ልጅ አንድ ቀን ወይ ሚኒስትር ይሆናል ወይ እስረኛ» አለ። ሁለቱንም አልሆነም። ሕጉ ግን ጸደቀ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ሰው ሲታማ እንኳ በሥርዓት ሆነ፤ የሰው ጥፋት ጀምሮ ውለታውን ሳይናገር የተነሳ ሰው «ቁጭ በል፣ አልጨረስክም» ይባል ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ሰው ሳነሳ በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ምላሴ ለምዶታል። ያስበላኝም ይኸው ልማድ ነው።

ያ የምርጫ ሰሞን መጣ። ዓመተ ምሕረቱን አልቆጥርም፣ የኖረበት ያውቀዋል፤ መጀመሪያ አደባባዩ በሰው ደምቆ፣ በኋላ ወጣት መሆን ብቻውን የሚያስጠይቅበት። አንድ ከሰዓት ጋሽ በየነ ወደ ግንቡ መጣ። የመንግሥቱን ጋዜጣ ወሰደና ተቀመጠ። ሳየው ጋዜጣውን ገልብጦ ነው የያዘው።

«ዘነቡ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«አቤት ጋሼ።»

«ልጆቹ ጸበል ቢወጡ ጥሩ ነው። እንጦጦ አየሩ ጥሩ ነው።»

«የትኞቹ ልጆች?»

«የምታውቂያቸው ሁሉ። ዛሬውኑ።»

ስሙኒውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ፣ ያላነበበውን ጋዜጣ አጥፎ ሄደ። ግንቡን እንዳለ ጥዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። የመስፍን እናት ደጅ ስደርስ «ዘነቡ፣ እኛ እኮ ጸበል...» አለችኝ ግራ ገብቷት። «እህቴ፣ አይጠጣው፤ አጠገቡ ይቀመጥ!» አልኳት። እየሳቀችም እያለቀሰችም ዳቦ ጠቀለለችለት። ቢጫ ጀሪካን አስይዘን፣ ነጠላ አከናንበን፣ ከምእመናን ጋር አቀላቅለን ወደ እንጦጦ ሰደድናቸው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሰለሞን ግን ካራ ሰፈር ልብስ ሊያደርስ ሄዶ ነበር። ለእናቱ ነገርኳት፤ «የኔ ልጅ ከኳስ በቀር ምን ያውቃል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰለሞን የፖለቲካውን ገጽ ዘሎ ስፖርቱን ብቻ የሚያነብ ልጅ ነበር።

በማግስቱ ታጣቂዎቹ መጡ። ጋሽ በየነ አብሯቸው ነበር። ከሰፈራችን ሱቅ ደጃፍ ቆሜ አይቻለሁ፤ አፉን አልከፈተም፤ የሰለሞን ቤት ጋ ሲደርሱ ጣቱን አነሳ። ልጁን ወሰዱት። ከወራት በኋላ ሲመለስ ራሱን ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ ከዚያ ወዲህ የስፖርቱን ገጽ እንኳ አላነበበም። ጋሽ በየነ ከዚያ በኋላ ግንቡ ጋ ተቀምጦ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ሲያልፍ ቆም ብሎ «ዘነቡ፣ አንዱንም አላውቅም ማለት አልቻልኩም» አለኝ። መንገዱንም ቀጠለ። እንግዲህ ጋሽ በየነ ይህ ነው። ሰለሞንን ፊት ለፊት እያየሁ ጻድቅ ነው ልል አልችልም። የእነዚያን ሁሉ እናቶች ልጆች ድነው፣ አግብተው፣ ወልደው እያየሁም ሰይጣን ነው ልል አልችልም። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም እኩል ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ ጋዜጦቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ የሚከራይ ሲያጣ ግንቡም ባዶውን ቀረ። ባለቤቴ አረፈ፤ ውይይት ታክሲዎቹም ከመንገድ ወጡ። ሰው መነጋገሩን አልተወም፤ ግን እያንዳንዱ ለብቻው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በአውራ ጣቱ ሆነ። መስፍን መጀመሪያ ኢንተርኔት ቤት መዋል ጀመረ፤ በኋላ ስማርት ስልክ ገዛና የራሱን ገጽ ከፈተ። ቃሉ ስለት ነበረው፤ ሰው ወደደው። የዚያ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት ላይ አንድ ከሰዓት ኬክና ለስላሳ ይዞ ቤቴ መጣ። «እትዬ ዘነቡ፣ የግንቡን ታሪክ ለትውልድ እናስቀምጠው» አለኝ። ደስ አለኝ! ነጠላዬን ተኩሼ ለበስኩ፣ ስልኩን በሦስት እግር ብረት ላይ አቆመው፣ እኔም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አወራሁለት። ስለ ጋሽ በየነ ሲጠይቀኝ በግንቡ ሕግ ጀመርኩ፦ ደካማውን አስቀድሜ፣ ጠንካራውን አስከትዬ። ጣቱን ነገርኩት፤ ቀጥሎ የተገለበጠውን ጋዜጣ፣ «አየሩ ጥሩ ነው» ያለውን ነገርኩት። «አንተን ያተረፈህ እሱ ነው» አልኩት። እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር፤ እናቱና እኔ በራሳችን የላክነው ይመስለው ነበር። ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አይቼዋለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ የጎረቤት ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ነዎት!» የኔ ፊት፣ የኔ ነጠላ። ከላዩ በቀይ «የቀበናው ጠቋሚ ጣት» ተብሎ ተጽፏል። «አዎ፣ የሰለሞንን ቤት ያሳየው ጋሽ በየነ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ጣቱን አነሳ» እላለሁ። ከዚያ ከበሮ ይመታና ይጨልማል። ከመጨለሙ በፊት አፌ እንደተከፈተ ይታያል። ያ የተከፈተ አፍ «ግን» ሊል ነበር። ከሥሩ የጻፈው ሰው ብዛት! አንዱ «ጀግና እናት» ይለኛል፤ ሌላው «ተከፍሏት ነው»፤ ሌላው ስለ ዘሬ እኔ የማላውቀውን ይነግረኛል። እርስ በርሳቸው ደግሞ በኔ ስም ተቧድነው ይሞላለጫሉ፤ ቀበናን በካርታ እንኳ የማያውቁ ጋሽ በየነን ይሰቅሉታል፣ ያወርዱታል። ሰለሞንን ማንም አልጠየቀውም። ራሱ ደጄ መጥቶ «እትዬ፣ ለኔ ነው የሚጮኹት? ታዲያ ለምን እኔን አያናግሩኝም?» አለኝ።

ጋሽ በየነ ያኔ ጡረታ ወጥቶ፣ ታሞ፣ በከዘራ ነበር የሚሄደው። በሩ ላይ አንድ ሌሊት ቀለም ደፉበት። ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ፣ እሱም መውጣት ተወ። እኔ ለእሱ የአጃ ሾርባ የላክሁባት ጎድጓዳ ሳህን እማዋይሽ ጋ ነበረች። የኛ ሰፈር ወግ ይታወቃል፤ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ምንም ቢጠፋ ሁለት ሎሚ፣ ያም ቢጠፋ አንድ ጭብጥ ጨው ይደረግበታል። ሳህኔ በልጅ እጅ መጣች። ታጥባለች፣ ደርቃለች። ባዶ ናት። ከዚያ ሁሉ ስድብ እንደዚያች ንጹሕ ሳህን ያሳመመኝ የለም።

መስፍን መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቶ ነበር። ደረጃውን እየተነፈስኩ ወጣሁ።

«መስፍን፣ ቀሪው የት ሄደ?»

«የቱ ቀሪ፣ እትዬ?»

«አፌ ከተከፈተ በኋላ ያለው።»

ሳቀ። «ሰው ረጅም ነገር አያይም፣ እትዬ ዘነቡ። አውራ ጣቱ አይታገሥም። ቀሪውን ክፍል ሁለት ብዬ እለቀዋለሁ።»

«መቼ?»

«ነገሩ ሲረጋጋ።»

«ነገሩ ያልረጋጋው እኮ ቀሪው ስለጠፋ ነው!»

ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ውኃ ሰጠኝ። «አይናደዱብኝ። ይሄ ትግል ነው። ትግል ላይ ‹ግን› ማለት ከጀመርን ሰው ይበተናል። ወይ ከበዳይ ጋር ነህ፣ ወይ ከተበዳይ።»

«እኔ ከሁለቱም ጋር ዕድርተኛ ነኝ» አልኩት። «ደካማውን አስቀድሜ እንደምናገር ታውቃለህ። ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። የት ላይ እንደምትቆርጠኝ ያወቅከውም ለዚህ ነው። የኔ ‹ግን› ባይኖር አንተ ዛሬ የት ነበርክ?»

የውኃውን ብርጭቆ ከእጄ ተቀበለኝ። ከዚያ በሽተኛ እንደሚያባብል ሰው ድምፁን አለስልሶ «ግንቡ እኮ ፈርሷል፣ እትዬ» አለኝ። እኔን ደግፎ ደረጃውን አወረደኝ። ክፍል ሁለት አልመጣም።

ጋሽ በየነ በዓመቱ አረፈ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፤ እኔም እንደ ወጉ ገብቼ ከእማዋይሽ ጎን ተቀመጥኩ። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «ዘነቡ፣ ቀሪውን መናገርሽን እንዴት ልመን? አንቺ ስትይው ማመካኛ ይመስላል። ያ ልጅ በገዛ አፉ ይበለው። የተናገረው ዕለት ሳህንሽን ላኪልኝ፤ ሞልቼ እመልስልሻለሁ» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ለልማት ፈረሰ። እሷ ካራ ልጇ ጋ ገባች፤ እኔ አያት ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። በዓል ሲመጣ እደውላለሁ፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ትለኛለች፤ እንደ ባዕድ።

እንግዲህ በዚያ ባቡር ላይ መስፍን ሲያቅፈኝ በልቤ የመጣችው እማዋይሽ ነበረች። እሱ ያወራል፦ አዲስ ዝግጅት ጀምሯል፣ የድሮ ሰፈሮች ትዝታ ነው፣ ያለ እኔ አይሆንም። «እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩት። «ግን በግንቡ ሕግ ነው። ስለ ጋሽ በየነ ያልኩህን መልሰህ በለኝ። ከሞላ እመጣለሁ።»

«ኧረ ግንቡ!» አለ በደስታ፤ ኮሌታውን አስተካከለ። ወጣቶቹም ተጠግተው ጆሯቸውን ሰጡን። «አዎ፣ የሰለሞንን ቤት ያሳየው ጋሽ በየነ ነው» አለ። «በዓይኔ አይቻለሁ። ጣቱን አነሳ።» ቃል በቃል፤ የተነፈስኩበት ቦታ እንኳ ሳይቀር። እዚያ ላይ ቆመ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይኸው ነው። ሞልቷል?»

«ጸበሉስ?»

«እሱማ ይረሳል እንዴ! እርስዎና እማዬ ናችሁ ያተረፋችሁኝ። በየመድረኩ ነው የማወራው።»

«ለኔስ ማን ነገረኝ፣ መስፍን?»

ዓይኔን አላየኝም። ወደ ወጣቶቹ ዞረና እጁን ወደ ላይ አነሳ። «እግዚአብሔር ነዋ፣ እትዬ!»

«አሜን!» አሉ ልጆቹ። እግዚአብሔርስ ነው፤ አልክድም። የዚያን ቀን ግን ጋዜጣ ገልብጦ ይዞ ድንጋዬ ላይ ነበር የተቀመጠው። ረስቶት ይሁን ሸሽቶት አላወቅኩም፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚሻልም አላውቅም። «ጎድሏል» አልኩት። ባቡሩ ሲኤምሲ ቆሞ በሩ ተከፍቶ ነበርና የሰማኝ አይመስለኝም። «እደውላለሁ፣ እናቴ!» ብሎ ወረደ፤ ልጆቹም ተከተሉት።

ፎቶዋን በዚያው ዕለት ለቀቃት። እኔ ሽንኩርቴን ይዤ ፈገግ ብያለሁ፤ እሱ ትከሻዬን አቅፏል። «እውነትን ያለ ፍርሃት ከተናገረችው ከቀበናዋ እናታችን ጋር» ይላል ከሥሩ። እኔ ሳላያት እማዋይሽ ደወለች። በዓል ሳይሆን ስትደውል ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ቶሎ አነሳሁት። «አየሁሽ፣ ዘነቡ» አለችኝ። «ስትስቂ አየሁሽ።» ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አይነሳም። ሳህኗ ቁም ሣጥኔ ላይ ተደፍታ አለች።

ደካማ ጎኑን ጨረስኩ። እዚህ ላይ ባቆም ደስታዬ ነበር። ግን ግንቡ ቢፈርስም እኔ አልፈረስኩም፤ ያወጣው ሰው ስለተወው ሕግ አይሻርም። ስለዚህ የመስፍንን ጠንካራ ጎን ሳልናገር አልነሳም።

አንድ የክረምት ከሰዓት ነው። ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል ጠቁሮ መጣና ሳንዘጋጅ ወረደብን። ጋዜጣ የምሸፍንበትን ላስቲክ ነፋስ ነጥቆኝ ወደ ወንዙ ሄደ። ሰው ሁሉ ወደ ካሴት ቤቱ በረንዳ ሮጠ፤ መስፍን ብቻ ቀረ። ያኔ ነፍሱን የሚሰጥላት፣ ጓደኞቹ እንኳ እንዳይነኩበት የሚከለክላት ነጭ የጅንስ ጃኬት ነበረችው። አወለቃትና ጀርባዋን ወደ ታች አድርጎ ጋዜጦቹ ላይ ዘረጋት፤ የመንግሥቱንም የግሉንም ሳይለይ ሰብስቦ በደረቱ ተኛባቸው። ዝናቡ ሲያባራ ጋዜጦቼ ዳር ዳራቸውን ብቻ ነበር የረጠቡት። ጃኬቷ ግን ቀለሙን ጠጥታ ጀርባዋ ላይ ፊደላቱ ተገልብጠው ታትመዋል፦ በአንዱ ትከሻ የመንግሥቱ ርእስ፣ በሌላው የግሉ። እናቱ በሳፋ ዘፍዝፋ ብታሻት፣ ብታሻት አልለቅ አለ። እሱም አላፈረባትም። ጋሽ በየነ ባየው ቁጥር «ዙርልኝማ ልጄ፣ ዛሬ ምን ተጽፏል?» ይለዋል። መስፍን እየሳቀ ጀርባውን ያዞርለታል፤ ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ የተገለበጠውን ፊደል ከሁለቱም ትከሻ እያቃና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሁላችንም እንሰማለን።

ቤታችሁ ይዛችሁት የምትገቡት ይህን ይሁን።